ለፈረንሳዩ ማርሻል የተላኩ ሽማግሌዎች

ባለፈው ሳምንት እዚህ ኖርዌይ፣ ትቬይታ የገበያ ማዕከል ዓሣ ልገዛ ተሰልፌ ሳለ የድሮ የታሪክ አስተማሪዬን ማሪትን አገኘኋት። ስለ ትዳሬ ወይም ስለ ሥራዬ ትጠይቀኛለች ስል፣ «ሽማግሌዎቹ እንዴት ናቸው?» አለችኝ። ሳቄ አመለጠኝ።

ነገሩ የሆነው በሁለት ሺዎቹ ማብቂያ ላይ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ልጨርስ ስል ነው። የምንኖረው አመሩድ የሚባል ሰፈር ነበር። በረዶው ቀልጦ፣ ክረምቱን ሙሉ መንገድ ላይ የተበተነው ጠጠር ከጫማ ሥር የሚንኮሻኮሽበት ጊዜ ነው። ሁዳዴም ገብቷል። አባቴ በጾም ሰሞን ከምስር ወጥ በቀር የሚታገሠው ነገር አልነበረም።

ማሪት በጦርነቱ ጊዜ ፈረንሳይን የመራውን ሽማግሌ ማርሻል ክፍላችን ውስጥ ለፍርድ አቀረበችው። ሰውዬው በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጀግና ተብሎ ነበር፤ በሁለተኛው ግን አገሩ ስትሸነፍ ሥልጣን ይዞ ከጀርመኖች ጋር አበረ፣ ሰው አሳልፎ የሚሰጥ መንግሥት መራ። ዕጣ ሲወጣ ጠበቃው እኔ ሆንኩ። ሕግ ለመማር እቋምጥ ስለነበር፣ ውጤቱም ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ስለሚቆጠር፣ እንደ እውነተኛ ችሎት ያዝኩት።

እራት ላይ ስናገር አባቴ የጠቀለለውን እንጀራ መልሶ አስቀመጠ።

«ከጠላት ጋር ያበረ ሰው ምን ይባላል?»

«ላንድስቪከር።»

«በአማርኛ!»

«ባንዳ።»

«አያትሽ አምስት ዓመት ዱር ያደሩት አንቺ ለባንዳ ጥብቅና እንድትቆሚ ነው?»

«አባዬ፣ ሮለስፒል እኮ ነው! ጨዋታ ነው።»

«በባንዳ አይቀለድም። ተዪው።»

«ኔይ፣ አልተውም» ብዬ ተነሣሁ። እልኸኛ ነኝ፤ በማን እንደወጣሁ ግልጽ ነው። ከዚያ በኋላ መነጋገር ተውን፤ እናቴ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት መልእክት ስታመላልስ ሰነበተች። በመጨረሻ አባቴ ሽማግሌ ላከ። ወደ እኔ መሰላችሁ? ወደ ማሪት!

ችሎቱ ሊጀመር ሲል በሩ ተንኳኳ። የአባቴ የቤተ ክርስቲያን ወዳጆች ጋሽ ታፈሰና ጋሽ ወልዴ፣ በክረምት ጃኬታቸው ላይ ጋቢ ደርበው ገቡ። ማሪት ወንበር ብታቀርብ፣ «የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ። እኔ ደግሞ በፊት ለጓደኞቼ፣ እኛ አገር ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻ ነው ብዬ ነግሬያቸው ነበር። ማሪት ያላገባች ናት። ክፍሉ በሙሉ እሷን ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡ መሰለው።

«ልጃችንን ከሳሽ ያድርጉልን በያት» አሉኝ ጋሽ ታፈሰ። በገዛ ራሴ ጉዳይ አስተርጓሚ ሆኜ አረፍኩት! «ሰላም ሊሉሽ ነው የመጡት» ብዬ ላልፍ ዳድቶኝ ነበር፤ ግን አባቴ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ይሰማል፣ ኖርዌይኛውም ውሸቴን ለመያዝ ይበቃል። እንዳለ ተረጎምኩት።

ማሪት ጥቂት አሰበች። «ሰውዬው ሲከሰስ ዘጠና ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር። ያለ ጠበቃ ይቅረብ ነው የምትሉት?»

ይህንንም ተረጎምኩ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«ዘጠና?» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ልጅ የለውም?»

«የለውም።»

በሩ ተከፈተና አባቴ ገባ። ከተኳረፍን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየኝ። «ታዲያ ማን ነው አጠገቡ የሚቆም?»

«እኔ» አልኩት።

አባቴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹም ላኪያችን ከተቀመጠ እኛን ምን አቆመን ብለው ተቀመጡ።

ተነሥቼ ተከራከርኩ። ጥፋቱን አልካድኩም፤ ሞት እንዳይፈረድበት ብቻ ለመንኩ። ክፍሉ ጥፋተኛ ነው ብሎ ከሞት አተረፈው፤ ማሪትም ከፍተኛውን ነጥብ ሰጠችኝ። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ፣ «ባንዳ ባንዳ ነው» አለኝ።

«ጃ፣ ነው አባዬ።»

«ግን ደህና አድርገሽ ተከራከርሽለት።» ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ።

እዚያው የዓሣው ሰልፍ ላይ ለማሪት ጋሽ ታፈሰ ማረፋቸውን፣ ሌሎቹ ደህና መሆናቸውን ነገርኳት። ጠበቃ ከሆንኩ ቆየሁ፤ ሰው ሁሉ ፊቱን ካዞረበት ሰው ጎን መቆም ዛሬም ያስፈራኛል፤ ቢሆንም እቆማለሁ። አባቴ ግን በየክርስትናው ድግስ ላይ የሚያስተዋውቀኝ «ልጄ ናት፤ የባንዳው ጠበቃ» እያለ ነው። እንግዶቹ «የትኛው ባንዳ?» ብለው እስኪጠይቁት ድረስ ዝም ይላል። ከጠየቁት በኋላ ግን ዝም የሚያሰኘው የለም።