እጅ እየሳምኩ የፈለግሁት ሥዕል

ምን አግብቶኝ ነበር እኔን? ፊደል ያልቆጠርኩ፣ ዓይኔ የደከመ፣ ጉልበቴ የሚንቋቋ አሮጊት ሌባ አዳኝ ልሁን ብዬ መነሳቴ አሁንም ብቻዬን ያስቀኛል።

ግቢዬ ውስጥ አንዲት ሠዓሊ ልጅ ቤት ተከራይታለች። ክረምቱን ሙሉ አንድ ሥዕል ስትስል ከረመች፤ ሐይቃችንን፣ በላዩ ደግሞ አንዲት ታንኳ። ደሴ ሥዕል ተሰቅሎ ሰው የሚያይበት ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ አግኝታ፣ በነጋታው ጠዋት መኪና ሊመጣላት ነው። ሰማያዊው ቀለም አልደርቅ ሲላት ፀሐይ ላይ አስደግፋው ገበያ ወጣች። እኔ በረንዳ ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። ስትመለስ ሥዕሉ የለም።

ልጅቷ መሬት ላይ ዘጭ አለች። ያለ ሥዕሉ ምን ይዤ እሄዳለሁ አለች። ከበራችን ፊት ያለው አሳ ጠባሽ ነው፣ ትናንት ቆሞ ሲያየው ነበር፣ ፖሊስ ልጥራ ስትል ቆዪ አልኳት። ቀለሙ እርጥብ ከሆነ የወሰደው ሰው እጅ ላይ ይገኛል። እኛ ወሎዎች ደግሞ ስንገናኝ እጅ እንሳሳማለን፤ ለኔ እጁን የሚከለክል ማን አለ?

ወጣሁ። የአሳ ጠባሹን እጅ ስሜ ገለበጥ አደረግሁት፤ ዘይትና ቅርፊት ብቻ። የባጃጅ ሹፌሩን ሳምኩት፤ ግሪስ። ጠዋት ሰላም ያልኩትን ሁሉ እንደገና ስስም፣ አሮጊቷ ልትሞት ነው መሰለኝ፣ ትሰናበታለች ተባባሉ አሉ።

መጨረሻ ከአጥሬ ማዶ ጎረቤቴ ዘንድ ገባሁ። አብረን ያረጀን ነን፤ እሷ ስትሰግድ በሯን እጠብቃለሁ፣ እኔ ቤተክርስቲያን ስሄድ ዶሮዎቼን ታበላለች። እጄን ብዘረጋ የእጇን አንጓ ሰጠችኝ።

«ልብስ ሳጥብ ነበር፣ እጄ እርጥብ ነው» አለች።

ሳፋ የለ፣ የተሰጣ ልብስ የለ። መዳፏን ለቀም አድርጌ ሳምኩት። ሰማያዊ ነው፣ እስከ ጥፍሯ።

«ወላሂ አልሰረቅኩም። የልጅቷን ልፋት ግን አበላሸሁት» ብላ ዓይኗ እንባ ሞላ።

ለካ ፍየሌ ገመዷን በጥሳ ሥዕሉን ልትልስ ስትጠጋ ጎረቤቴ በአጥሩ አይታ፣ ነጥቃ ቤቷ አስገብታዋለች። አውራ ጣቷ ታንኳዋ አጠገብ አረፈ። በሻሿ ብትጠርገው ቦታው ነጭ ሆኖ ቀረ። ልጅቷን በምን ዓይኔ አያለሁ ብላ አልጋ ሥር ደብቃው ተቀምጣለች።

ሥዕሉን ይዘን ሄድን። ልጅቷ ከሥዕሉ በፊት ፊቴን አየች።

«እማማ፣ አንቱ ኖሯል የወሰዱት?»

ለካ ከንፈሬ ሰማያዊ ሆኗል። ጎረቤቴ እያለቀሰች ሳቋ አመለጣት፣ ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት። ልጅቷ ነጩን ቦታ ጠጋ ብላ አየችው። ብሩሿን አንስታ ምንቃርና እግር ጨመረችለት፤ ነጭ የውሃ ወፍ ሆነ።

«ታንኳዋ ብቻዋን ነበረች፣ ይሻላታል» አለች።

ጠዋት መኪናው ሥዕሉንም ልጅቷንም ይዞ ወደ ደሴ ሄደ። ሥዕሉን ያገኘሁት እኔ ነኝ እያልኩ ደረቴን ስነፋ፣ ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ብቅ አለች።

«ሌባ ፍለጋ የሰው እጅ እየላስሽ ከምትዞሪ ፍየልሽን እሰሪ፤ አፍሽንም ታጠቢ።»