በርበሬያችንን ማን ጠበቀው?

እናቴ ያን ጓጉንቸር ከቡሬ ገበያ ገዝታ የመጣች ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ሊያየው መጣ። በእኛ ሰፈር፣ በፍኖተ ሰላም ዳር፣ ሰው ከቤቱ ሲወጣ በሩን ገርበብ አድርጎ አንድ እንጨት ያጋድምበታል። እንጨቱ ከተጋደመ «ባለቤት የለም» ማለት ነው፤ የቀረውን ጎረቤት ያውቃል።

እኛ ግን በዚያ ዓመት የምንፈራለት ነገር ነበረን። ስምንተኛ ክፍልን ካለፍሁ ዘጠነኛን የምማረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ የቤት ኪራዬም ስንቄም የሚወጣው ጓዳችን ውስጥ ከቆመው ሁለት ጆንያ ዛላ በርበሬ ነው። እናቴ ዋጋው እስኪወደድ ነሐሴን ትጠብቃለች። ሌባ ግን ነሐሴን አይጠብቅም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ሁለት ቤት ገብቶ በርበሬ ወስዷል።

ጓጉንቸሩ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ሆዱ የተነፋ ነው። ቁልፉን ሳስገባ ቀጭ ይላል፤ ሳወጣ ዝም። ሆዱ ውስጥ ምን አለ? ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ ስከፍት ስዘጋ ዋልሁ።

«ተይው እንጂ፣ ልጄ፣ ገና ሳይጠብቅልን ልታስረጅው ነው!» አለች እናቴ።

ከፊት ለፊታችን አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ይኖራሉ። ሁላችንም እቴቴ እንላቸዋለን። ደጃፋቸው ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ በራችንን እያዩ ጥጥ ሲፈትሉ ይውላሉ። እሳት ሲጠፋባቸው ገል ይዘው ከእኛ ምድጃ ፍም ይጭራሉ፤ ብንኖርም ባንኖርም ገብተው ነው የሚወስዱት።

ጓጉንቸሩ በተንጠለጠለ በማግሥቱ እናቴ ከገበያ፣ እኔ ከትምህርት ቤት ስንመለስ እቴቴ ቆመው ጠበቁን።

«አንቺ፣ እሳት ልጭር ብመጣ በርሽ ተለጉሞ ጠበቀኝ።»

«ለሌባ ብዬ እኮ ነው፣ እቴቴ። አንቱን ብዬ መሰለዎ?»

«ይሁን። ዛሬ ሌባው እኔ ነበርሁ፤ ከነባዶ ገሌ ተመለስሁ።»

እናቴ ሮጣ ፍም ብታመጣላቸው «ከወዲያ ቤት አግኝቻለሁ» ብለው መለሷት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድንጋያቸው ላይ ሲቀመጡ ጀርባቸውን ለእኛ ሰጡ።

ይኼ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። ቤታችንን የሚጠብቀው ብረቱ ነው ወይስ እቴቴ ነበሩ? እናቴን ብጠይቃት «ብረቱ ነዋ! ይኼም ይጠየቃል?» አለችኝ።

እንግዲያው ሞክሬ ልየው አልሁ። አንድ ቅዳሜ እናቴ ገበያ እንደ ወጣች በቤታችን ጎን ዞርሁ። በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ለጢስ መውጫ የተተወች ክፍተት አለች። እዚያው ያለውን፣ ከእቴቴ ድንጋይ የሚታየውን የኮክ ዛፍ ወጣሁ፤ ጭንቅላቴ ካለፈ ሌላው ምን ያቅተዋል? ጆንያው ላይ ዱብ አልሁ። አቧራው አፍንጫዬ ገብቶ አስነጠሰኝ፤ ደግሞ አስነጠሰኝ። አንድ እቅፍ ዛላ በነጠላዬ ቋጥሬ በገባሁበት ወጣሁ። ጓጉንቸሩ በሩ ላይ እንደ ጭቃ ሹም ኮርቶ ተንጠልጥሏል። ማንም «ማነሽ?» አላለኝም። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። እየሮጥሁ ገበያ ሄጄ ነጠላዬን እናቴ ፊት ፈታሁት።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከጓዳችን። በሩን ሳልነካ። እቴቴ ጀርባቸውን ባይሰጡን ኖሮ ይጮኹብኝ ነበር።»

እናቴ ልትመታኝ እጇን አነሣች፤ ዛላውን አየችና እጇን ራሷ ላይ ጫነችው።

የዚያኑ ዕለት ፍም በገል ይዛ እቴቴ ዘንድ ሄደች፤ እኔም ከኋላዋ። «አጥፍቻለሁ፣ ይማሩኝ» ብላ ጎንበስ አለች።

እቴቴ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ «ልጅሽ ለሌብነት አትሆንም» አሉ። «ሌባ እያስነጠሰ ከኮክ ዛፍ አይወርድም።»

«አይተውኛል እንዴ?» አልሁ።

«ጀርባዬን ሰጠሁ እንጂ ጆሮዬን መች ሰጠሁ? ዞር ብል አንቺ ነሽ። ሌላ ሰው ቢሆን ኡኡታዬ ማንኩሳ ድረስ ይሰማ ነበር። ባኮርፍ እንዳትማሪ መች አልሁ?»

እናቴ ቁልፉን አውጥታ «እንግዲያውስ እርስዎ ይያዙልኝ» ብትላቸው ሳቁ።

«ይቺ ያለ ቁልፍ የገባችበትን ቤት ቁልፍ ይዤ ምን ላደርግ! ይልቅ በርበሬውን ወደ እኔ አምጪው። ከእኔና ከድመቴ በቀር ምን አለ ብሎ ነው ሌባ የሚመጣብኝ?»

ጆንያዎቹን በጤፍ ገለባ ሸፍነን አሻገርናቸው። ሰው ሲጠይቀን «ለእቴቴ መኝታ ነው» እንላለን።

ሐምሌ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ለቅሶ ውሎ ሲመለስ የጓዳችን ግድግዳ ተቆፍሮ አገኘነው። ጓጉንቸሩ በቦታው አለ። እናቴ ቀዳዳውን አየችና ወገቧን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ከእቴቴ ጋር ሦስታችንም ወደ ቤታቸው ሮጥን። ጆንያዎቹ ከነገለባቸው ቆመዋል፤ ድመቷ ከላያቸው ተኝታለች።

በርበሬው ነሐሴ ላይ ተሸጠ። ይኼን የምጽፈው ደብረ ማርቆስ፣ ያው በርበሬ በተከራየልኝ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነው።