ለሰይድ ያቀበልኩት የፊልም ቁራጭ

እስካለፈው ሳምንት ድረስ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴም፣ ለአዘጋጄም። ዕድሜዬን ሙሉ የሌሎችን ጥፋት ከነስማቸው ስጽፍ የኖርኩ ጋዜጠኛ ነኝ፤ የራሴን ግን ደበቅሁ።

በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ሪያድ ውስጥ ፀሐይ በጨረቃ ተጋርዳ ወጣች። እዚያ ሆኜ ስለ ስደተኞቻችን እዘግብ ነበር። ከቴሌስኮፕ ጋር የምገጥማት አሮጌ የፊልም ካሜራ ነበረችኝ፤ ጨረቃንና ፀሐይን ማንሳት እወድ ነበር። ያን ጠዋት መሣሪያዬን ሱለይ በሚባለው የከተማዋ ሰፈር፣ ሠራተኞች በጋራ የሚኖሩበት ቤት ጣሪያ ላይ ተከልኩ። የጋበዘኝ ሰይድ ነው፤ የወሎ ሰው፣ ሴራሚክ ንጣፍ ሠራተኛ፣ እዚያ «ከፊል» ከሚሉት አሠሪው ጠፍቶ ያለ ኢቃማ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ፣ የሚኖር።

ቴሌስኮፑ ትክክለኛ የፀሐይ ማጣሪያ ነበረው። የፈለግሁትን ያህል አነሳሁ። ይበቃኝ ነበር። ግን ሰው ያለበት ፎቶ አማረኝ። ካሜራዋን ከቴሌስኮፑ ፈታሁና ከቦርሳዬ ብርሃን ያቃጠለው የከለር ፊልም ቁራጭ አውጥቼ ለሰይድ ሰጠሁት።

«እኛ ሰፈር በራጅ ነበር የምናየው» አለና ሁለቱም ዓይኖቹ ላይ ደቀነው። «ያላ፣ ጋዜጠኛው፣ አንሳኝ! ለከፊሌ ብቻ እንዳትልክለት፤ መልኬን ረስቶልኛል።»

ጣሪያው ላይ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ «እንዳታወርደው» አልኩት። ፊልሜ አልቆ ነበርና ቀየርኩ። «ትንሽ ቆይ፣ ወንድሜ» አልኩት። ቆየልኝ።

የከለር ፊልም የማይታየውን ጨረር እንደማይከለክል አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። በዚያው ሳምንት በጻፍኩት ዜና «ፀሐይን በፊልም ቁራጭ አትመልከቱ» ብዬ አንባቢን ያስጠነቀቅሁት እኔው ነኝ። ታዲያ ለምን ሰጠሁት? ፎቶውን ስለፈለግሁ። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

በሦስተኛው ቀን ደወለ። የሚያየው ነገር ሁሉ መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ተቀምጧል፤ የሴራሚኩ መስመር ይጣመምበታል። «ምን ነክቶኝ ይሆን?» አለኝ።

እዚህ ላይ ሁለተኛውን በደል ሠራሁ። «ሲሚንቶ ገብቶብህ ነው፤ በውሃ እጠበው» አልኩት። ኢቃማ ስለሌለው ሹመይሲ ያለው ትልቁ ሆስፒታል መሄድ ፈራ። ፍርሃቱ ጠቀመኝ። ሐኪም ቢያየው «ፀሐይ ተመልክተህ ነበር?» ብሎ ይጠይቀዋል። ጠብታ ገዛሁለትና «ኢንሻአላህ ይሻልሃል» አልኩት። መረቀኝ።

አልተሻለውም። አጣሞ የሚያነጥፍ ሠራተኛ ማን ይፈልጋል? ሥራ የሚሰጠው ሲያጣ እጁን ለፖሊስ ሰጠና ወደ አገር ቤት መለሱት። እንዲህ ያለ ቃጠሎ ብዙም መድኃኒት እንደሌለው በኋላ አነበብኩ፤ ለዓመታትም በዚያ ራሴን ስከላከል ኖርኩ። ፎቶውን ግን አላሳተምኩትም። ማስረጃ መሆኑን ከማንም በላይ አውቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ለሰይድ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ስትሰጠኝ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ስልኩን ዘጋው። የደወልኩት ይቅርታ ልለምነው ነበር፤ ቃሉን ሳላወጣ ቀረሁ። አንተም አንባቢዬ፣ በእሱ ፈንታ ይቅር አትበለኝ።