የነገረኝ ጠባቂ

ታናሽ ወንድሜ ራሱን ያጠፋው በወረዳችን ፖሊስ ጣቢያ ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነው። «ራሱ ነው ያደረገው፤ እኛ ምን እናድርግ?» አሉኝ። እኔ ግን ጣቢያውን ከሰስኩ። ቁልፉ እነሱ ጋ ነበር።

በበሬ ስርቆት ጠርጥረው ነው ያሰሩት። ሚስቱ በየቀኑ ቦዬ የምንለውን ሥራሥር ቀቅላ ትወስድለታለች። በሩ ላይ «ቅመሽ» ይሏታል፤ በፊታቸው ቀምሳ ታስገባለች። ኋላ ምግቡ ሳይነካ ይመለስ ጀመር። ጠባቂዎቹ እያዩ ዝም አሉ። አንዱ ብቻ፣ ጡረታው የደረሰ ሰውዬ፣ ለብቻዬ ጠርቶ በወላይትኛ ነገረኝ።

«ወንድምህ አይበላም፣ አያወራምም። ፈርቼለታለሁ። አሁን ለአለቃዬ ልንገረው፤ አንተ እዚህ ጠብቀኝ።»

የቢሮው መስኮት ክፍት ነበር። አለቃው እየሳቀ ሲመልስለት በጆሮዬ ሰማሁ፦ «ሲርበው ይበላል። አንተ ሞግዚት ነህ?»

በማግስቱ ጠዋት ሬሳውን አስረከቡን።

የችሎቱ ቀን ሲቃረብ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ቤቴ መጡ። ጠባቂው አደጋውን ማወቁን ስላመነ ጥፋቱ በእሱ ላይ ብቻ ይውደቅ አሉ።

«የአለቃውን ነገር ተወው ልጄ። ልጆች አሉት።»

«የጠባቂውስ? ጫጩቶች ናቸው?»

የወንድሜ ሚስት በሽማግሌው ፊት ተቆጣችኝ። «ማንም ይሁን፣ አንድ ሰው ይጠየቅልኝ። አንተ መርጠህ ልትከስ ነው?» አለች። አልፈረድኩባትም፤ ሐዘኗ ገና ትኩስ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው፤ ሕግ አላውቅም። ግን ያየና የተናገረ ታስሮ፣ የሰማና የሳቀ ወንበሩ ላይ የሚቀር ከሆነ፣ ከእንግዲህ የትኛው ጠባቂ ነው አፉን የሚከፍተው?

ችሎት ስቀርብ ዳኛዋ ጠባቂው ያውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ።

«ያውቅ ነበር» አልኩ። «አለቃውም ያውቅ ነበር። ሲነግረው ሰምቻለሁ።» መስኮቱን፣ መልሱን፣ ሁሉንም ተናገርኩ። አለቃው አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ይነካካ ነበር።

ዳኛዋ አለቃውም መልስ ይዞ እንዲቀርብ አዘው ቀጠሮ ሰጡ። የወንድሜ ሚስት ሳታናግረኝ ባጃጅ ይዛ ሄደች። ጠባቂው ግቢው ውስጥ ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ ቆሞ አገኘሁት።

«አሁንማ አለቃዬ አይለቀኝም» አለኝ።

«እኔም አልለቀውም» አልኩት።