ቆመብኝ፤ ግፉ

ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት ተረት መሃል መንገድ ላይ ይቆም ነበር። የሚያቆሙት ጋሽ ደምሴ ናቸው። ታሪኩ ጣፍጦ ጣፍጦ፣ ጅቡ ከበሩ ደርሶ ወይም ንጉሡ ሰይፉን መዝዞ፣ እኛም ትንፋሻችንን ውጠን ስንጠብቅ፣ መሪ እንደ ጨበጠ ሰው ሁለት እጃቸውን አየር ላይ ሰቅለው «ኧረ ቆመብኝ! ግፉ!» ይላሉ። ያኔ በምድጃው ዙሪያ ያለን ሁሉ ተራ በተራ እንገፋለን፤ አንዱ ጅቡን ገደል ይከተዋል፣ ሌላው ያወጣዋል፣ እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ለንጉሡ አንዲት አልቃሻ ልጅ እፈጥርለትና ሰይፉን አስጥለዋለሁ። ተረቱ «ሲነሳ» ጋሽ ደምሴ መሪያቸውን ይረከቡና እስከ መጨረሻው ይነዱታል። «ያልገፋ አይሳፈርም» ነበር ሕጋቸው።

ቤታችን ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ውስጥ፣ ከአባቴ ምግብ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ግቢ ነበር። ጋሽ ደምሴ ዘመዳችን አልነበሩም። በወጣትነታቸው በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዱና ሲጠግኑ ኖረው፣ በሞያሌ በኩል ኬንያ የገቡ፣ አባቴ «ለጥቂት ቀን ይረፉ» ብሎ በሰጣቸው ክፍል ውስጥ ዓመታት የተቀመጡ ሰው ናቸው። ማታ ማታ፣ በተለይ መብራት ጠፍቶ «ስቲማ ሄደ» ሲባልና ሰፈሩ ሲጨልም፣ የየሱቁ ጄኔሬተር መንጫጫት ሲጀምር፣ ጂኮ የምንላትን የከሰል ምድጃ ግቢው መሃል አውጥተን፣ በቆሎ እየጠበስን እንከባቸዋለን። የፋኖሱ ብርሃን ከግድግዳው አጋማሽ አያልፍም፤ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ የጅቡና የንጉሡ አገር ነበር። የከሰሉ ጭስ፣ የሚያረው በቆሎና ከጋሽ ደምሴ ካፖርት የማይለቀው የግራሶ ሽታ አንድ ላይ ተቀላቅለው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አሉ።

እናቴ ያኔ አያቴን ልታስታምም አዲስ አበባ ሄዳ ስለነበር፣ ለእኔና ለሁለቱ ታናናሾቼ እንደ እናት የነበረችው እህቷ፣ አክስቴ አልማዝ ናት። እሷም ወጥ ቤቱን ዘግታ ስትጨርስ ከምድጃው ዘንድ ትመጣለች። ሹፌራችን ሙቱዋም ከሥራ ሲመለስ ራቱን ይዞ ይቀላቀለናል። አባቴ ብቻ አይቀመጥም። የወጥ ቤቱን በር ተደግፎ፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ «የልጅ ጨዋታ!» ይላል፤ አንዲት ቃል ሳታመልጠው ያዳምጣል እንጂ ገፍቶ አያውቅም። ጋሽ ደምሴም «አንተ ሁልጊዜ በነጻ ነው የምትሳፈረው» እያሉ ይቀልዱበታል።

ምግብ ቤቱ የቆመው በእሜቴ ጫንቃ ላይ ነበር። እሜቴ ማለት ቀለሟ የለቀቀ አሮጌ የቤንዚን ፒክአፕ ናት፤ ስሙን ያወጡላት ጋሽ ደምሴ ናቸው፣ «በዕድሜዋ ልክ ትከበር» ብለው። ሙቱዋ በየቀኑ ምሳ ጭኖባት መሃል ከተማና ፓርክላንድስ ላሉ ደንበኞች ያደርሳል፤ ጠዋት ጠዋት እኔን ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝም እሱ ነው። አማርኛው ከወጥ ቤት የተለቀመ ስለነበር «ቶሎ በል»፣ «ትኩስ ነው» እና «ጨው የለውም» ከሚሉት ብዙ አያልፍም፤ በእነዚህም ቢሆን የፈለገውን ሁሉ ይናገርባቸዋል። ከፊት አስቀምጦ፣ ማርሽ ሲቀይር እጄን እጁ ላይ ያስደርገኝ ነበርና፣ ናይሮቢን የምነዳት እኔ ይመስለኝ ነበር። እወደው ነበር።

አንድ ሰሞን እሜቴ ደከመች። ሜዳ ላይ ደህና ናት፤ ወደ ፓርክላንድስ የሚያወጣው ዳገት ላይ ግን ሙቱዋ ነዳጁን እስከ ወለሉ ቢረግጥም እያቃሰተች ትንፏቀቃለች፤ ከኋላችን ማታቱ የሚባሉት የሕዝብ ሚኒባሶች ጥሩምባቸውን ይለቁብናል። አክስቴ ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም። የጎረቤታችን ባለሱቅ ሴትዮ «ይቺ መኪና አታረጅም እንዴ!» ብላ፣ «እንትፍ እንትፍ» እንኳን ሳትል ማለፏን በዓይኗ አይታለች። «ዓይን ነው» አለች። አባቴ ከት ብሎ ሳቀባት። እሱ ጴንጤ ነው፣ እሷ ኦርቶዶክስ ናት፤ በጠበሏና በእምነቷ ሳይቀልድ ቀን አይመሽለትም ነበር። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ቀልዱ የት ላይ እንደሚወጋ አያውቅም ነበር እንጂ። አክስቴ ከአገር ቤት የተላከላትን ጠበል በትንሽ ቢጫ ጀሪካን አድርጋ አልጋዋ ሥር የምትደብቀው ለዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ባሰ። ድካሙ መንቀጥቀጥ ሆነ። እሜቴ እየሳለች፣ አንዴ እየተፈናጠረች አንዴ እየሞተች ዳገቱ መሃል ደርሳ ቀጥ አለች። የዚያን ቀን ምሳው ቀዘቀዘ፣ ደንበኞች በስልክ ጮኹ፣ አባቴም የሚቆጣው ሰው ፈለገ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ቁጣው ሙቱዋ ላይ ወረደ። «ከመንገድ ዳር የተበረዘ ቤንዚን እየቀዳ ነው የገደላት!» አለ። ሙቱዋ «ሃኪ ያ ሙንጉ!» እያለ በፈጣሪ ማለ፤ ሚስቱ በቅርቡ ስለወለደች ድምጹ ውስጥ ፍርሃቱ ይሰማ ነበር። አባቴ አልሰማውም። ቅዳሜ ራቱን በልቶ እንዲሰናበት ነገረው። እኔ ራት አልበላም ብዬ አለቀስኩ። አክስቴ ደግሞ ሳህን ታጥብ ጀመር፤ የታጠበውን ሳህን መልሳ ስታጥብ አየኋት።

ጋሽ ደምሴ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለው እሜቴን ለቅዳሜ እንዲተውላቸው አባቴን ለመኑት።

ቅዳሜ ጠዋት ኮፈኑን ከፍተው እኔን አጠገባቸው አቆሙኝ። መኪና ጉልበት ሲያጣ እሳቸው ዘንድ ሦስት ጥያቄ ብቻ ነበር፦ ማን ያዘው? በምን ተነፈሰ? ምን ጠጣ? እነዚህን ሳይጠይቅ «ሞተር ይውረድ» የሚለውን መካኒክ፣ ምላስ ሳያይ ቢላ ከሚስል ሐኪም ለይተው አያዩትም። ማርሹን ነጻ አደረጉና ከሙቱዋ ጋር ሆነን ገፋናት፤ እንደ ብርቱካን ተንከባለለች። ፍሬኑ አልያዛትም ማለት ነው። ቀጥለው የአየር ማጣሪያውን አውጥተው ከግድግዳው ጋር ቢያጋጩት የኢስትሊ አቧራ በሙሉ ከውስጡ ወጣ፤ ሦስታችንም በማስነጠስ ተቀባበልን። «የመጀመሪያው ድካሟ ይሄ ነው፤ ትንፋሽ አጥሯት ነበር» አሉ። ተጠርጎ ሲመለስላት ድምጿ ጠራ፤ መንቀጥቀጡ ግን አልለቀቃትም።

የቀረው ሦስተኛው ጥያቄ ነበር። ከታንኩ ሥር ያለውን ቡሎን ፈትተው በባዶ የሶዳ ጠርሙስ ቀዱና፣ እሳት ከሌለበት ጥግ ካለው ግንብ ላይ ፀሐይ ፊት አስቀመጡት። «አትንኩት፤ ራሱ ይናገራል» አሉ። ጥቂት ቆይቶ ጠርሙሱ ለሁለት ተከፈለ፤ ከላይ ቤንዚን፣ ከታች ውሃ። አባቴ መጥቶ አየና «አላልኳችሁም? ውሃ ነው የገዛልኝ!» ብሎ ሄደ። ሙቱዋ ጠርሙሱን አየ፣ እጆቹን አየ፣ ከዚያ አንገቱን ደፋ። እውነቱን ይገልጥልኛል ብሎ የጠበቀው ጠርሙስ መሰከረበት።

እኔ ግን ጠጋ ብዬ አየሁት። ከውሃው በታች፣ ጠርሙሱ ቂጥ ላይ፣ ነጣ ያለ አመድ ተኝቷል። አመዱን አውቀዋለሁ። ራሴን ሲያመኝ አክስቴ በጠበል በጥብጣ ግንባሬን የምትቀባኝ እምነት ነው፤ የትኛውም ማደያ አይሸጠውም። ቀና ስል ጋሽ ደምሴ እያዩኝ ነበር።

«ይሄ እኮ የአክስቴ...»

በግራሶ የጠቆረ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። «አውቃለሁ። እስከ ማታ ዋጪው።»

«ሙቱዋስ?»

«ሙቱዋን ማንም አያባርረውም፣ ቃሌ ነው። ግን ልንገርሽ ልጄ፤ መኪና ሲበላሽ ይጎተታል፣ ሰው ግን በገዛ እግሩ ሲመጣ ነው የሚያምርበት።»

እንደዚያ ያለ ረጅም ቀን ከዚያ በኋላ አልዋልኩም። ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ እንደ ትኩስ ድንች ተቀምጦ፣ በወጥ ቤቱ ባለፍኩ ቁጥር አክስቴን አያት ነበር። ሽንኩርት ትልጥ ነበር፤ ሽንኩርቱ ካለቀም በኋላ ዓይኗ አልደረቀም። ሁለት ጊዜ እጇን ጠራርጋ ወደ አባቴ ስትሄድ አየሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከበሩ ተመለሰች።

ማታ ስቲማ ሄደ። ፋኖሱ ተለኮሰ፣ ጂኮዋ ወጣች፣ ሙቱዋ የመሰናበቻ ራቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ሳይበላ ተቀመጠ፤ አባቴም በሩን ተደገፈ። ጋሽ ደምሴ ሞተራቸውን አስነሱ።

አንድ ነጋዴ ነበር አሉ። አሞሌ ጨው የምትሸከምለት በቅሎ ነበረችው፤ አንድ ቀን ዳገት ላይ እምቢ አለች። ነጋዴው ሎሌውን ጠርቶ «ገብሷን እየሸጥክባት ነው» አለና ሊያባርረው ተነሳ። እዚያ ቤት በቅሎዋን የሚወዷት ብዙ ነበሩ፤ ከሁሉ አብልጦ የሚወዳት ግን አንድ ሰው ነበር። ያ ሰው ዓይን እንዳይበላት ፈርቶ፣ እግዜር ያበርታት ብሎ፣ መጠጫዋ ገንዳ ውስጥ መድኃኒት ጨመረላት። መድኃኒቱ ክፉ አልነበረም፤ ብዙ ሰው አድኗል። ለበቅሎ ሆድ ግን አልሆነም። ሎሌው ጓዙን ጠቅልሎ ደጅ ቆሟል፤ ነጋዴው በሩን ሊዘጋበት እጁን ዘርግቷል...

እዚህ ሲደርሱ ሁለት እጃቸው ወደ ላይ ወጣ። «ቆመብኝ» አሉ፣ እንደ ሌላው ቀን ሳይጮኹ። «ግፉ።»

ታናሽ ወንድሜ ሊገፋ አፉን ሲከፍት በዓይናቸው መለሱት። ከሰሉ ይንጣጣል። በቆሎው እያረረ ነው፤ የሚያገላብጠው የለም። እኔ ምላሴን በጥርሴ ይዤ አክስቴን እንዳላይ እሳቱን አያለሁ።

«ያ ሰው...» አለች አክስቴ፤ ድምጿ እንደ እሜቴ ተንቀጠቀጠ። «ያ ሰው ሴት ናት። ተነስታ ጌታውን፣ ሎሌውን አታባርረው፣ እኔ ነኝ ያጠጣኋት አለችው።»

ጋሽ ደምሴ እጃቸውን አላወረዱም። እሳቱን እያዩ «ትንሽ ቀረው፤ ገና አልተነሳም» አሉ። «ጌታውስ?»

አባቴ ስንጥሩን ከአፉ አወጣ። ከዚያ ከበሩ ተላቀቀና መጥቶ ከሙቱዋ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠ፤ እዚያ ሲቀመጥ ያየሁት የመጀመሪያ ቀን ነው።

«ጌታው አፈረ» አለ። «ሴትየዋ ተደብቃ ለምን አጠጣች ብሎ ቢያስብ፣ ያስደበቃት የእሱ ምላስ ሆኖ አገኘው። ሎሌውንም ይቅርታ ጠየቀው።» ወደ ሙቱዋ ዞረና በስዋሂሊ ደገመለት፦ «ኒሳሜሄ፣ ሙቱዋ። ይቅር በለኝ።»

ሙቱዋ ከተረቱ የተከተለው ግማሹን ቢሆን ነው። ይቅርታውን ግን በደንብ ሰምቷል፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ሁላችንንም ዞሮ ዞሮ አየና «በቅሎስ? ዳነ?» ብሎ ጠየቀ። ግቢው በሳቅ ተናጋ። አክስቴ እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር። «ታዲያ በየት ላጠጣት?» አለች በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን እየጠረገች፤ «ሰውስ ጠበል የሚጠጣው በአፉ አይደል?»

በማግስቱ ታንኩ ተራገፈ፣ ታጠበ፤ እሜቴም ያንን ዳገት ሙቱዋን ይዛ፣ እኔን ይዛ፣ ማታቱ እየቀደመች ወጣች። ቢጫው ጀሪካን ከአልጋ ሥር ወጥቶ ወጥ ቤቱ ጥግ በግልጽ ተቀመጠ። አባቴ ስለ ጠበል ምንም ተናግሮ አያውቅም ከዚያ ወዲህ፤ አንዳንዴ ብቻ ሲያልፍ ከምድጃው ፈቀቅ ያደርገዋል፣ «ይሞቃል» እያለ።

ዛሬ እኔም ሰዎች የሚያጠፉበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው፤ ማን የማያጠፋበት አለ? የአንዱን ስህተት ሳገኝ ያ የልጅነት ምላሴ ቶሎ ይነሳብኛል። ያኔ የፀሐይ ብርሃን ያረፈበት የሶዳ ጠርሙስና ከሥሩ የተኛው አመድ ትዝ ይለኛል። ሁልጊዜ ዝም እላለሁ አልልም፤ እስከ ማታ ግን ለመዋጥ እሞክራለሁ።

ጋሽ ደምሴ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እዚያው ናይሮቢ አረፉ። ለቅሶው በዚያው ጠባብ ግቢ ነበር። ሙቱዋ ያኔ የሰው ማታቱ ይነዳ ነበርና፣ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ መጣ። አባቴ ስለሳቸው ሊናገር ተነሳ። «እኚህ ሰው እኛ ቤት የመጡ ዕለት...» አለ። እንደገና «እኚህ ሰው...» አለና ሁለት እጁ አየር ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ከኋላ፣ ድሮ አባቴ ይደገፈው ከነበረው የወጥ ቤት በር፣ የሙቱዋ ድምጽ መጣ።

«ቆመ» አለ። «ግፉ።»

አክስቴ ጀመረች፣ እኔ ተቀበልኳት፣ ታናናሾቼ ቀጠሉ፤ አባቴም ዓይኑን ጠርጎ ገባበት። የቻልነውን ያህል ገፋን። ሲነሳ መሪውን የሚረከበን ሰው ግን አልነበረም፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ እየተቀባበልን እንገፋለን።