ቅቤ የጠጣው ቤዝ ጊታር

እንግዳ ወደ ላሊበላ መምጣት ሲያቆም ሙዚቃ የምንጫወትበት ሆቴል ተዘጋ። ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ሊድ ጊታሬንና ቤዝ ጊታሬን ለእናቴ ወንድም በአደራ ሰጠሁ። አጎቴ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ጠባቂ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት መጻሕፍቱንና ከበሮዎቹን ከእርጥበትና ከአይጥ በመጠበቅ ነው።

ስለዚያ ዕለት የማስታውሰውን ግን ሙሉ በሙሉ አላምነውም። «ክሮቹን ትንሽ አላልተው ያስቀምጡልኝ» ያልኳቸው ይመስለኛል። ምናልባት ይህን ያልኩት በሐሳቤ ብቻ፣ ያውም በኋላ ስለ ጊታር አያያዝ ካነበብኩ ወዲህ ይሆናል። አጎቴ «አደራ ከማለት በቀር ምንም አልነገርከኝም» ይላሉ። ማንኛችን ትክክል እንደሆንን ዛሬም መለየት አልቻልኩም።

ሆቴሉ እንደገና ሊከፈት ነው ሲባል ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት የሁለቱን ጊታሮች አንገት ነበር። ሳይነካ ለዓመታት የተቀመጠ ጊታር አንገቱ ይጎብጣል፣ ክሩ ይዝጋል፤ የላስታ በጋ ደግሞ እንጨቱን ያኮማትረዋል።

ወደ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው የአጎቴ ቤት ስደርስ የተቀበሉኝ ባለቤታቸው ነበሩ።

«መጣህ? ና፣ ልጆችህን ውሰድልን!» አሉኝ እየሳቁ። «ጦርነቱ ሲመጣ በሙጃ በኩል ወደ ዘመዶቻችን ስንሸሽ አጎትህ ለእኔ ብርድ ልብስ የያዙልኝ መሰለህ? ያንተን ጊታሮች አዝለው ወጡ!»

ውስጥ ቆመው የነበሩት አጎቴ ግን አልሳቁም። ጊታሮቹ እንደ ብራና መጽሐፍ ቆዳ ማኅደር ተሰፍቶላቸው ከግድግዳው ችካል በጠፍር ተንጠልጥለዋል፤ መሬቱንም ግድግዳውንም አይነኩም። ቤዙን አውርደው ማኅደሩን ሲከፍቱ የቆየ ቅቤ ሽታ ቤቱን ሞላው። አንገቱ፣ ክሮቹ፣ መቃኛዎቹ ሁሉ ያብረቀርቃሉ።

«ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«የከበሮውን ጠፍር በምን የማለሰልስ ይመስልሃል? ብረቱ እንዳይዝግ፣ እንጨቱ እንዳይደርቅ ብዬ ነው። በፋሲካ ቅቤ እቀባቸዋለሁ። ሁዳዴ ሲገባ ግን በኑግ ዘይት ነው።»

«ጊታሮቹን አጾሟቸው እኮ!» አሉ ባለቤታቸው ከጓዳ። «የአንተን ጾም እንጃ እንጂ የእነሱስ አልተገደፈም!»

ልስቅ ፈለግሁ፤ የአጎቴን ፊት ሳይ ግን አልቻልኩም። ዓይኖቻቸው እጄ ላይ ነበሩ። «አበላሸሁብህ እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው።

አላወቅሁም። የእነዚህ እንጨቶች ጤና የሚያስጨንቀኝ እኔ ብቻ እንዳልሆንሁ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እርሳቸው ከሰው እጅ የተቀበሉትን እንደ ታቦት ንብረት ቆጥረው ብርድና ሽሽት ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ አሁን ፍርዳቸውን ከእኔ ይጠብቃሉ።

ቅቤውን በጨርቅ ጠረግሁ። ጣት የሚያርፍበት እንጨት ጠቁሯል። ከክሮቹ ግን ዝገት አልወጣም። ቤዙን ወደ በሩ ብርሃን አንስቼ አንገቱን በአንድ ዓይኔ ቃኘሁት፤ ቀጥ ያለ መሰለኝ፤ ዓይኔንም አላመንኩትም። ከአዲስ አበባ ያመጣሁትን ትንሽ አምፕሊፋየር ሰክቼ ወፍራሙን ክር ስቃኝ መጀመሪያ የተሰማው መንጫጫት ብቻ ነበር። ከዚያ ዝምታ ሆነ። መሰኪያውን አወዛወዝኩና ደግሜ መታሁት።

ድምፁ ከወለሉ የወጣ መሰለ። መደቡ ላይ ያለው ጣሳ ተንቀጠቀጠ፤ ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ አሉ። አጎቴ ጠጋ ብለው መዳፋቸውን በቤዙ ሆድ ላይ አሳረፉ። ድምፁ እስኪሞት ድረስም አላነሡትም። የድሮ ድምፁ ይህ ነበር? ልምልበት አልችልም። ነገር ግን ያን ሁሉ ዓመት ዝም ብሎ የኖረ እንጨት እንዲህ መለሰልኝ። ሊዱም ተከተለ፤ ቀጭን፣ ጥርት ያለ።

«አሉ?» ብለው ጠየቁ አጎቴ።

«አሉ፣ ጋሼ። ሁለቱም አሉ።»

ደስ አላቸው ማለት አልችልም። ወደ ባለቤታቸው ዞረው «አንቺ ምስክር ሁኚ» አሉ፤ ከዚያም ለእኔ፦ «በል፣ አደራዬን ተረክቤያለሁ በል።»

ተነሥቼ ቆምኩ። «አደራዬን ተረክቤያለሁ፣ ጋሼ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

እስከዚያ ቆመው የቆዩት አጎቴ መደቡ ላይ የተቀመጡት ከዚያ በኋላ ነው።