ለዘር የሚሆነው

ከጂንካ ወደ ወይጦ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ ከአቢጊያ ጎን የተቀመጠችው ሴት ጭኗ ላይ ጨርቅ ዘርግታ ማሽላ ትለቅማለች። ከቆዳ ሽርጧ በላይ ሰፊ የወንድ ማልያ ለብሳለች። መኪናው በዘለለ ቁጥር ፍሬዎቹን እንደተኛ ሕፃን በመዳፏ ትከድናቸዋለች። ነቀዝ የነካውን ወደ ፌስታል፣ ሙሉውን ወደ ትንሽ ቅል ትለያለች።

አቢጊያ የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። እንግሊዞች «ትራይ» የሚሉት፣ እኛ መሞከር የምንለው ቃል፣ ጥንት ፈረንሳዮች መልቀምና መለየት ይሉበት ከነበረው ቃል እንደመጣ ትናንት አንብባለች። ለተማሪዎቿ እንዴት እንደምታስረዳ እያሰበች፣ ሙቀቱ እያንጎላጃት፣ የሴትየዋን ጣቶች ታያለች።

«እህቴ፣ ለምግብ ነው?»

«ለዘር።»

«ዝናብ የለም ይባላል እኮ።»

«አምና ዘራሁ፣ ፀሐይ በላው። ካቻምናም በላው።»

«ዘንድሮስ?»

«ዘንድሮ ገና አልዘራሁም።»

ከተራራው በላይ አንድ ደመና ብቅ ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ወደ መስኮቱ አንገቱን አሰገገ። ሴትየዋ ግን ቀና አላለችም። ከጨርቁ እጥፋት ውስጥ አንዲት የቀረች ፍሬ አግኝታ እፍ አለችባትና ቅሉ ውስጥ ጨመረቻት።